የተፈጨ ሥጋ በእስያ ባልትና



ጾም ተፈትቶ የፍስክ ወራት በገባ ጊዜ የቤት እመቤትን ከሚያሳስቧት ነገሮች አንዱ፥ ከልኳንዳ የመጣው ሥጋ ጥቂት ሆኖ በማእዱ ዙሪያ የሚቀመጠው ሰው ብዙ መሆኑ ነው። በዚህም ላይ ልጆች በምግብ ቤት ወይም በወዳጆቻቸው ቤት የሕንድንና የታይላንድን ምግብ ቀምሰው እየመጡ፥ «እማዬ፥ እንዲህ ያለው እኛ ቤት ለምን አይሠራም?» ማለታቸው አይቀርም። እናትም አንድ ጊዜ ዋጋውን፥ አንድ ጊዜም በጠርሙስ የሚሸጠውን የባዕድ አገር ስጎ እያሰበች፥ «ይህስ የእኛ ሙያ አይደለም» ብላ ትተወዋለች።

እኛ ግን በዚህ ወር ልናስረዳ የምንወደው ነገር ይህ ነው፤ በተፈጨ ሥጋ ከሚሠሩት የእስያ ምግቦች ብዙዎቹ ቅመማቸው ከእኛው ጓዳ የሚገኝ፥ ግማሽ ኪሎውን ሥጋ ለስድስት ሰው የሚያበቁ፥ ለልጅም ለሽማግሌም የሚስማሙ ናቸው። ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቁት አንድ ጥንቃቄ አለ፤ እርሱም የውኃው ነገር ነው። ነገሩ እንዲገለጥላችሁ በልጅነቴ ያየሁትን ላውጋችሁ።

በ1960ዎቹ ዓ.ም. በምንኖርበት የክፍለ ሀገር ከተማ፥ ሒሳብ የሚያስተምሩ አንድ ሕንዳዊ መምህር ከባለቤታቸው ጋር በጎረቤታችን ይኖሩ ነበር። በዚያ ዘመን በአገራችን ትምህርት ቤቶች ያስተምሩ የነበሩ ሕንዳውያን ብዙዎች ሲሆኑ፥ ከእነርሱም ብዙዎቹ በደቡብ ሕንድ ከምትገኘው ከኬረላ የመጡ ነበሩ። ጎረቤቶቻችንም ከዚያው የመጡ፥ የመላንካራ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ልጆች ነበሩ። ይህችም ቤተ ክርስቲያን በጥር ወር 1957 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተደረገው የኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች ጉባኤ ከእኛይቱ ጋር የተገኘች እኅት ቤተ ክርስቲያን ናት። ከትንሣኤ በፊት ያለውን ጾም በቋንቋቸው «የኀምሳ ቀን ጾም» ይሉታል። በአገራችን ሳሉም ከእኛ ጋር ጾመው ከእኛ ጋር ይፈስኩ ነበር።

የመምህሩ ባለቤት ለእናቴ ስለ አገራቸው የበዓል ማእድ ሲያወሷት፥ የኬረላ ክርስቲያኖች በገናና በትንሣኤ፥ በሠርግም ቀን ለእንግዳ የሚያቀርቡት «ካትሌት» የሚባል ምግብ እንዳለ ነገሯት። ስሙ ከአውሮፓውያን የመጣ ነው፤ ውስጡ ግን ዝንጅብልና ቃሪያ፥ ቅመምም የገባበት የተፈጨ የበሬ ሥጋና ድንች ስለ ሆነ፥ ጣዕሙ ፍጹም ሕንዳዊ ነው። እናቴም ይህን በልቧ ይዛ፥ በማዕዶት ሰኞ ባልና ሚስቱን ምሳ ጠራቻቸው፤ በሰው አገር በዓል የሚውሉትን እንግዶች የአገራቸውን ምግብ አቅርባ ልታስደስታቸው ፈልጋ ነበርና።

ሥጋውን ከሽንኩርቱ ጋር በጠባብ ድስት ጨምራ፥ ከድና አበሰለችው። ድንቹንም ልጣ በውኃ ቀቀለችና ገና እንደ ረጠበ ደፍጥጣ ከሥጋው ጋር ቀላቀለችው። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ዛሬም አልረሳውም። እየደበለበለች በጋለው ዘይት በጨመረችው ቁጥር ድብልብሉ ይፈርሳል፤ ዘይቱም እየተንጫጫ ወደ እጇ ይረጫል። ዐሥራ ስድስት ካትሌት ይሆናል የተባለው ሁሉ በመጨረሻ እንደ ገንፎ የላቀጠ ግራጫ ነገር ሆኖ በሳሕን ቀረበ። እናቴ ከኀፍረት የተነሣ ዐይኗን ከመሬት አላነሣችም። የመምህሩ ባለቤት ግን አንዳች ሳይናገሩ በእንጀራ እየጠቀለሉ በሉ፤ ሲያልቅም እንዲጨመርላቸው ጠየቁ። በሳምንቱ እናቴን ወደ ወጥ ቤታቸው ጠሯትና ከምድጃው አጠገብ አቁመው፥ «እኅቴ፥ ቅመምዎ ምንም አልጎደለውም፤ የበዛው ውኃው ነው» አሏት።

ይህ ቃል በተፈጨ ሥጋ የሚሠራ ባልትና ሁሉ መሠረቱ ነው። ሥጋ ሲፈጭ ውኃውን አምቆ የሚይዘው ክር ስለሚበጣጠስ፥ እሳት በነካው ጊዜ ውኃውን ወዲያው ይለቃል። ውኃው ፈልቶ እስኪያልቅ ድረስ ደግሞ የሥጋው ሙቀት ከውኃው መፍያ መጠን አያልፍም፤ ይኸውም በባሕር ጠረፍ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፥ እንደ አዲስ አበባ ባለው ከፍተኛ ደጋ 92 ዲግሪ ገደማ ነው። ሥጋ ቡናማ መልክና የጥብስ መዓዛ የሚይዘው ግን ሙቀቱ ወደ 140 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው። እንግዲህ በገዛ ውኃው ውስጥ የሚዋኝ ሥጋ ቢበስልም አይጠበስም፤ ግራጫ ሆኖ ይቀራል፤ ጣዕሙም የታጠበ ይመስላል።

ስለዚህ ሦስት ነገር ይጠበቅ። አንደኛ፥ መጥበሻው ሰፊ ይሁን፤ ግማሽ ኪሎ ሥጋ በጠባብ ድስት ከታጨቀ እንፋሎቱ መውጫ ያጣልና። ሁለተኛ፥ ሥጋው ከመግባቱ በፊት መጥበሻው አስቀድሞ ይጋል፤ ውኃው እስኪመጥም ድረስም ክዳን አይደረግበት። ሦስተኛ፥ ሥጋው እንደ ገባ ወዲያው አይማሰል፤ አንዱ ወገን መልክ እስኪይዝ ጥቂት ከታገሡት በኋላ በእንጨት ማንኪያ እየተፈረፈረ ይገላበጥ። ለዚህም የጆሮ ምልክት አለው። ውኃው ሳያልቅ ድስቱ ተክ ተክ ይላል፤ ውኃው ሲያልቅ ድምፁ ተለውጦ ቸስ ማለት ይጀምራል። እመቤት ሆይ፥ በዚያን ጊዜ ሥጋሽ መጠበስ መጀመሩን ዕወቂ።

ስለ ሥጋው ምርጫም ጥቂት እንበል። ጭቅናውን ለክትፎ ትታችሁ፥ ጥቂት ስብ የተቀላቀለበትን ሥጋ አስፈጩ፤ ፈጽሞ ቀይ የሆነው ሲጠበስ ይደርቃልና። የሥጋ መፍጫ መኪና የሌላት እመቤት በስለታም ቢላዋ አድቅቃ ብትከትፈው ይልቁን ይጣፍጣል እንጂ አይጎዳም። ሕንዶች ለተፈጨ ሥጋ የሚሰጡት «ኪማ» የሚለው ስምም በፋርስ በኩል ከቱርክ ቋንቋ የመጣ ሲሆን፥ ትርጓሜው የተከተፈ ማለት ነው።

ወደ ቅመሙ ስንመለስ፥ ሕንዶች «ጋራም ማሳላ» የሚሉት ድብልቅ ትርጓሜው «ሙቅ ቅመም» ነው። አዘገጃጀቱ በየቤቱ ቢለያይም ቀረፋ፥ ቅርንፉድ፥ ሄል፥ ቁንዶ በርበሬና ከሙን ብዙ ጊዜ አይታጡበትም። በዚህ ላይ እርድ፥ ዝንጅብል፥ ነጭ ሽንኩርትና የድንብላል ፍሬ ሲጨመር፥ ከእነዚህ ለእኛ እንግዳ የሚሆንብን የትኛው ነው? ኮረሪማችንም የሄል ዘመድ ነው፤ ነገር ግን መዓዛቸው አንድ ስላልሆነ፥ አንዱን በሌላው ስፍራ የምትተካ ሴት በጥቂቱ ታድርገው። አብሽንም እነርሱ ያውቁታል፤ ፍሬውን ብቻ ሳይሆን የደረቀውን ቅጠሉን ጭምር በኪማ ላይ ይነሰንሱታል። በርበሬና ንጥር ቅቤያችን ከገቡበት ግን ምግቡ ወደ ምንቸት አብሽ ያደላል፤ ምንቸት አብሽም በራሱ ስፍራ የተከበረ ነው፤ ሁለቱ ግን እንዳይደባለቁ ይሁን።

አሁን ሦስቱን ምግቦች በየተራ እንግለጥ።

ኪማ በአተር እሸት

ይህ ለስድስት ሰው የሚበቃ ነው። የሚያስፈልገው፦ የተፈጨ የበሬ ወይም የበግ ሥጋ ግማሽ ኪሎ፤ በደቃቁ የተከተፈ ትልልቅ ቀይ ሽንኩርት 2 ራስ፤ ነጭ ሽንኩርት 5 ፍሬና አውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል አብሮ የተወቀጠ፤ የተከተፈ ቲማቲም 2፤ ቃሪያ 2፤ የተፈለፈለ አተር እሸት 1 ብርጭቆ፤ ዘይት 3 የሾርባ ማንኪያ፤ ያልተፈጨ ከሙን 1 የሻይ ማንኪያ፤ የተፈጨ ድንብላል 2 የሻይ ማንኪያ፤ እርድ ግማሽ የሻይ ማንኪያ፤ ቀረፋ 1 ስባሪ፤ ሄል 3 ፍሬ፤ ቅርንፉድ 3 ፍሬ፤ ጨው 1 የሻይ ማንኪያ።

ዘይቱ ሲግል ከሙኑ፥ ቀረፋው፥ ሄሉና ቅርንፉዱ ይጨመሩ። መዓዛቸው ሲነሣ ሽንኩርቱ ይግባና ቡናማ እስኪሆን ይቁላላ። እዚህ ላይ አስተውሉ፤ እኛ ለወጥ ሽንኩርቱን አስቀድመን ያለ ዘይት እናቁላላለን፤ ሕንዶቹ ግን ከመጀመሪያው በዘይት ያቁላሉታል። ከዚያ የተወቀጠው ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ገብቶ አንድ ደቂቃ ይታሽ። ቀጥሎ እሳቱን ከፍ አድርጎ ሥጋውን መጨመርና፥ ውኃው አልቆ ድምፁ እስኪለወጥ ድረስ እየፈረፈሩ ማገላበጥ ነው፤ ይህም 10 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ከዚህ በኋላ እርዱ፥ ድንብላሉ፥ ጨውና ቲማቲሙ ይጨመር። ቲማቲሙ ሟሙቶ ዘይቱ ከቅመሙ ተለይቶ በዳር በዳሩ ሲታይ ቁሌቱ ደርሷል ማለት ነው። በዚያን ጊዜ ግማሽ ብርጭቆ ሙቅ ውኃና አተሩ ገብቶ፥ ተከድኖ በዝግታ እሳት አተሩ እስኪለሰልስ ይብሰል። በመጨረሻ የተሰነጠቀው ቃሪያና የድንብላል ቅጠል ይነስነስበት፤ የሎሚ ጭማቂም ጠብ ይደረግበት። ቀረፋው፥ ሄሉና ቅርንፉዱ እንዳሉ ስለሚቀርቡ፥ ለልጆች ሲጠፋ ተለቅሞ ይውጣላቸው። በሩዝ፥ በቂጣም፥ በእንጀራም ይበላል።

የኬረላ ካትሌት

ይህ እናቴን ያሳፈራት፥ ኋላም ያስከበራት ምግብ ነው። የሚያስፈልገው፦ የተፈጨ የበሬ ሥጋ ግማሽ ኪሎ፤ ድንች ግማሽ ኪሎ፤ በደቃቁ የተከተፈ ሽንኩርት 1 ትልቅ ራስ፤ የተከተፈ ዝንጅብል 1 የሾርባ ማንኪያ፤ የተከተፈ ቃሪያ 3፤ የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ 1 የሻይ ማንኪያ፤ እርድ ሩብ የሻይ ማንኪያ፤ ቀረፋና ቅርንፉድ ተፈጭቶ በአንድነት ግማሽ የሻይ ማንኪያ፤ የ2 እንቍላል ነጩ ብቻ፤ ደርቆ የተፈጨ ዳቦ፤ ጨውና ዘይት። በኬረላ ካሪ የሚባል ቅጠል ይጨምሩበታል፤ በማይገኝበት ስፍራ ይቅር እንጂ፥ በከረጢት የሚሸጠው የካሪ ዱቄት ምትኩ አይደለም።

ድንቹ ከነልጣጩ ይቀቀል፤ ልጣጩ ውኃ እንዳይገባበት ይከላከላልና። ከበሰለ በኋላ ተልጦ እንፋሎቱ እስኪወጣ ይቆይና ይደፍጠጥ። ሽንኩርቱ፥ ዝንጅብሉና ቃሪያው በጥቂት ዘይት ከለሰለሱ በኋላ ሥጋው ከቅመሙና ከጨው ጋር ይግባ፤ ሳይከደንም ፈጽሞ እስኪደርቅ ይጠበስ። ሥጋው ሳይቀዘቅዝ ከድንቹ ጋር አይቀላቀል። ሁለቱ ተቀላቅለው ሲታሹ ከእጅ ላይ የማይጣበቅ ሊጥ መምሰል አለባቸው። ይህ ወደ 16 ቍራሽ ተከፍሎ በመዳፍ እንደ እንቍላል ቅርጽ ጠፍጠፍ ይደረግ፤ እያንዳንዱም በተመታው የእንቍላል ነጭ ተነክሮ በዳቦው ዱቄት ይንከባለል። ግማሽ ሰዓት በቀዝቃዛ ስፍራ ቢያርፍ ይጸናል። ከዚያ በጋለ ዘይት ሦስት ወይም አራት እየሆነ፥ ሁለቱም ወገን እስኪቀላ ይጠበስ። ቀጭን ሆኖ የተቈረጠ ሽንኩርት በአቼቶና በጨው ታሽቶ በአጠገቡ ይቅረብ።

በበሶብላ የሚሠራ የታይላንድ ጥብስ

ይህኛው በ15 ደቂቃ የሚደርስ ስለ ሆነ፥ ከሥራ ደክማ ለምትገባ እናት ይበጃል። ታይላንዶች «ፓት ክራፓው» ይሉታል፤ «ፓት» ጥብስን ሲያመለክት «ክራፓው» የበሶብላ ዘመድ የሆነ ቅጠል ስም ነው። የእኛ በሶብላ ያው ራሱ ባይሆንም፥ እርጥቡ ቅጠል መልካም ምትክ ይሆናል። ለአራት ሰው 400 ግራም የተፈጨ የበሬ ወይም የዶሮ ሥጋ፥ 6 ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፥ 3 ቃሪያ፥ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፥ 2 የሾርባ ማንኪያ የአኩሪ አተር ስጎ፥ 1 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ሁለት እፍኝ የበሶብላ ቅጠል ይበቃል። ባለአገሮቹ ከዓሣ የተዘጋጀ ጨዋማ ስጎም ይጨምራሉ፤ ከተገኘ 1 የሾርባ ማንኪያ ገብቶ የአኩሪ አተሩ ስጎ በግማሽ ይቀነስ።

ነጭ ሽንኩርቱና ቃሪያው አብረው ይወቀጡ። መጥበሻው በኀይለኛ እሳት ግሎ ዘይቱ ሲገባ ይህ ለግማሽ ደቂቃ ይታሽ፤ ሥጋው ተጨምሮ ውኃው እስኪያልቅ ይጠበስ፤ ስጎውና ስኳሩ ይግባ። እሳቱ ከጠፋ በኋላ የበሶብላው ቅጠል ተጨምሮ አንድ ጊዜ ብቻ ይገላበጥ፤ ቅጠሉ በእሳት ከቆየ መዓዛው ይጠፋልና። በሩዝ ላይ ተደርጎ፥ ዳር ዳሩ የቀላ የእንቍላል ጥብስ ይደረብበታል። ስጎው ጨዋማ ስለ ሆነ ሳይቀመስ ጨው አይጨመር።

ስለ ጤና የሚገባ ማስጠንቀቂያ

የተፈጨ ሥጋ እንደ ድፍን ሥጋ አይደለም። በድፍን ሥጋ ላይ ያለው በሽታ አምጪ ተሕዋስ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በላይኛው ገጽ ስለ ሆነ እሳት ቶሎ ያገኘዋል። ሲፈጭ ግን የላዩ ወደ ውስጥ ገብቶ በሁሉ ይዳረሳል። ስለዚህ የተፈጨ ሥጋ እስከ ውስጡ ቢያንስ 71 ዲግሪ ሙቀት ሊያገኝ ይገባል። የሙቀት መለኪያ በሌለበት ቤት፥ አንድም ቀይ እንጐቻ ሳይቀር ሁሉም ተፈርፍሮ መልኩን እስኪለውጥና ውኃው እስኪመጥ ድረስ ማብሰል ይገባል። ይህን የምንለው የክትፎን ክብር ለመንካት አይደለም፤ ነገር ግን ለሕፃናት፥ ለነፍሰ ጡርና ለአረጋውያን የሚሆነው የበሰለው ነው። ጥሬ የበሬ ሥጋ የኮሶ ትል እንደሚያመጣ ከአባቶቻችን ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ዛፉን ኮሶን ስመ ጥር ያደረገው ይኸው አይደለምን?

ሥጋው በሚሠራበት ቀን ይፈጭ። በማቀዝቀዣ ቢቀመጥም ከሁለት ቀን አይለፍ፤ ከማቀዝቀዣ ውጭም ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ። መፍጫው፥ መክተፊያውና እጅ በሙቅ ውኃና በሳሙና ይታጠቡ፤ ጥሬ ሥጋ በነካው መክተፊያ ላይም ሳይታጠብ ሰላጣ አይከተፍበት።

አንድ ነገር ደግሞ እናስታውስ። በቻይና፥ በቪየትናምና በታይላንድ በተፈጨ ሥጋ የሚሠሩ ብዙ ምግቦች ከዓሣማ ሥጋ የሚዘጋጁ ናቸው። በመጽሐፍ የተጻፈ አሠራር የምታገኝ እመቤት በዚያ ፈንታ የበሬ፥ የበግ ወይም የዶሮ ሥጋ ብታደርግ ባልትናው አይጓደልም። በጠርሙስ የሚሸጠውን ስጎም ከመግዛቷ በፊት ጽሑፉን ታንብብ፤ ዛጎል ለበስ ከሆኑ የባሕር ፍጥረታት የሚሠራ ስለሚገኝበት።

ረቡዕና ዓርብ፥ በሌሎችም አጽዋማት፥ እጃችሁ የለመደውን ቅመም መተው አያስፈልጋችሁም። በኪማው ሥጋ ፈንታ ተቀቅሎ ውኃው የተንጠፈጠፈ ድፍን ምስር ይግባ። ካትሌቱም በድንች፥ በካሮትና በቀይ ሥር ይሠራ፤ በእንቍላሉ ፈንታ በቀጭኑ የተበጠበጠ የስንዴ ዱቄት ዳቦውን ይይዘዋል። በዚህም ቢሆን ሕጉ ያው ነው፤ አትክልቱ ውኃው ተንጠፍጥፎ ይግባ።

ወደ እናቴ ነገር ልመለስና ልፈጽም። በተከታዩ ዓመት በማዕዶት ሰኞ ያንኑ ባልና ሚስት ደግማ ጠራቻቸው። ድንቹ ከነልጣጩ ተቀቅሎ፥ ሥጋው በሰፊ መጥበሻ ደርቆ ነበርና ዐሥራ ስድስቱም ካትሌት አንድ ሳይፈርስ ቀረበ። የመምህሩ ባለቤት አንዱን አንሥተው ለሁለት ከፈሉት፤ ውስጡንም ጥቂት ተመለከቱ። ከዚያ እንደ እኛ አገር ልማድ ግማሹን ለእናቴ አጎረሷት። ኮንትራታቸው አልቆ ወደ አገራቸው በተመለሱ ጊዜ ሰፊውን የብረት መጥበሻቸውን ለእናቴ ትተውላት ሄዱ። ዛሬ በእኔ ቤት ይገኛል፤ ከዚህ በላይ የጻፍሁላችሁንም ሦስቱንም ምግብ የምሠራው በእርሱ ነው።